በፔናሊቲ ያኮረፍከው ሐሰን መጥቶ ነበር

መኮንን፣

ለጤናህ እንደምን ነህ ብዬ እንዳልጀምር ጤናህን በገዛ እጅህ ጨርሰኸው ሄደሃል። ከሄድክ አሥራ አንድ ወር ከአራት ቀን ሆነ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ስላላሰብኩህ አይደለም፤ ተናድጄብህ ነው። ሰው ጥቁር መልበሴን አይቶ ሁሉንም ሐዘን ይለዋል። እኔ ግን ሐዘኑን ከንዴቱ ለይቼ አውቀዋለሁ። ሐዘኑ ጠዋት ጠዋት፣ አልጋ ሳነጥፍ ይመጣና ትንሽ አስለቅሶኝ ይሄዳል። ንዴቱ ከሰዓት በኋላ፣ ያ የስፖርት ክርክርህ በሚጀምርበት ሰዓት ይመጣል። እሱ ቶሎ አይሄድም።

ቤቱ ደህና ነው። ሜሮን አሁንም ሸደር የስደተኞች ካምፑ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ሥራ ስትፈታ ትመጣለች። ሳሎኑን አረንጓዴ ቀብታዋለች፤ አንተ ብትኖር አንድ ሳምንት ሙሉ ትከራከርበት ነበር። የምትቀመጥበትን ወንበር ለእድሩ ዘበኛ ሰጥቼ በቦታው የስፌት መኪናዬን አስገብቻለሁ። ነፋሱ እንደዚያው ነው፤ የሰቀልኩትን ልብስ ጎረቤት ግቢ ሄጄ ነው የምለቅመው። ባጃጁ በዝቶ መንገድ መሻገር ፈተና ሆኗል። የግመል ወተት የምታመጣልህ ሴትዮ መሞትህን ሁለት ወር ሙሉ አልሰማችም ነበር፤ በር ላይ ቆማ ስነግራት ዕቃዋን አስቀምጣ አለቀሰች። እኔም የእሷን ለቅሶ አይቼ ተናደድኩ። ይህን ያህል የሚወድህ ሰው እያለ ማን ሙት አለህ?

ቴሌቪዥኑን አልሸጥኩትም። እየሰፋሁ አየዋለሁ። የምትወዳቸው አራቱ ሰዎች አሁንም የመስታወቱን ጠረጴዛ ከበው፣ የማያነቡትን ወረቀት ፊታቸው ዘርግተው ይጮኻሉ። ዘጠና ደቂቃ የተጫወቱትን ኳስ ሦስት ቀን ያወሩታል። ሄደውበት በማያውቁት ከተማ የሚኖር፣ አይተውት የማያውቁት አሠልጣኝ ማታ ምን እያሰበ እንደተኛ ሳይቀር ያውቃሉ። እዚህ ሰፈር ውኃ ከመጣ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል፤ እዚያ ግን አንድ ሰው ግራ ክንፍ ላይ ለምን ተሰለፈ ተብሎ የሰው አንገት ሥር ይገታተራል። ማንም ማንንም አያዳምጥም። አንዱ አስጨርሰኝ ይላል፣ ሌላው አንተም አስጨርሰኝ ይላል፣ መሀል ላይ ያለው ልጅ ለማስታወቂያ እንሂድ ይላል።

አንተ ደግሞ ከነሱ ተማርክ። በመዝገብ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ስትሠራ ድምፅህ የማይሰማ ሰው፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ቤት ውስጥ ተንታኝ ሆንክብኝ። ሽንኩርት ለምን ረሳህ ብዬ ስጠይቅህ ሦስት ነጥቦች አሉኝ ትላለህ። ቀጥ ያለ ጥያቄ ከጠየቅኩህ ከሌላ አቅጣጫ ካላየነው በቀር ትላለህ። አልዋሽህም፣ ያኔ እስቅ ነበር። ጣትህን አሹለህ ወጡ ጨው እንደበዛበት ስትተነትን ሜሮንና እኔ ትንፋሽ እስኪያጥረን ነው የሳቅነው። በኋላ ያቺ ጣት ምን እንደምታደርግ ባውቅ ኖሮ ቴሌቪዥኑን ያኔውኑ መሬት ላይ እለቀው ነበር።

ሐሰንን ከዚህ ቤት ማን አስገባው? ዲሹ። እሱ ዲሽ ሠሪ፣ አንተ ኳስ ወዳጅ፤ ግቢያችን ግድግዳ የተጋራ። ጣሪያው ላይ ወጥቶ ነፋሱ እያንገዳገደው ሲያስር፣ አንተ ከታች ሆነህ ምስሉ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ ስትል የጀመረ ወዳጅነት ነው። ሚስቱ ሣህራ ጫት ቤቷ እንዲገባ ስለማትፈልግ በርጫው እኛ ሳሎን ሆነ። ያንተ ቡድን ቀይ ለባሹ፣ የሱ ሰማያዊው። ወላል ይልሃል፣ ወንድሜ ማለቱ ነው፤ አንተም ወላል ትለዋለህ። የአማርኛ ቃል ሲያጥረው በሶማልኛ ይሞላዋል፣ ያንተ ሶማልኛ ሲያጥርህ ጮክ ብለህ በአማርኛ ትደግመዋለህ። ሣህራ ደግሞ የሚያገቡ ዘመዶቿን ሁሉ እየጎተተች ቀሚስ እንድሰፋላቸው ታመጣልኛለች፤ እዚያው ተቀምጣ እጅጌውን እንዲህ አድርጊው እያለች ታደርቀኛለች። እኔ በዚህ ከተማ ከእሷ ሌላ ጓደኛ አልነበረኝም። ይህን አንተ ታውቃለህ።

ደግሞ የ2010 ክረምት አለ። ከተማው በተረበሸ ጊዜ፣ ሰው በገዛ ሰፈሩ መውጣት በፈራ ጊዜ፣ ሦስት ቀን ሐሰን ቤት ነበርን። እሱ የፕላስቲክ ወንበር በሩ ላይ አውጥቶ ተቀመጠ። ለመጣው ሁሉ እዚህ ውስጥ ያለው የኔ ቤተሰብ ነው ይል ነበር። ሌላ ነገር አልተናገረም። ሣህራ ፍራሿን ለሜሮን አንጥፋ እሷ ወለል ላይ ተኛች። ሐሰን ሲመሽ ይገባና ሜሮን እንዳትፈራ ብላችሁ በሹክሹክታ ስለ ኳስ ትከራከሩ ነበር። ልጅቷ የማን ቡድን ይበልጣል በሚል ሹክሹክታ ነው እንቅልፍ የወሰዳት። እኔ ያን ጊዜ ነው ኳስን ለመጀመሪያ ጊዜ ያመሰገንኩት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በፔናሊቲ ተጣላችሁ። 

ካቻምና ሚያዝያ ነው። በረኛው አጥቂውን ነካው አልነካውም። ያ ወፍራም ድምፅ ያለው ተንታኝ ጠረጴዛውን መታና ይህን ፔናሊቲ አይደለም የሚል ሰው ኳስ አያውቅም አለ። ሐሰን ፔናሊቲ አይደለም ካሉት ነበር። አንተ ተነሣህ፤ ጣትህን አሾልክ፤ አምስት ሰው ፊት፣ ሰውዬው ያለውን ቃል በቃል፣ በሱው ድምፅ ደገምክለት። ይህን የሚል ሰው ኳስ አያውቅም፤ አንተ ስለ ኳስ ከምታወራ ዲሽህን ብታስር ይሻልሃል አልከው። ዲሹን የጨመርከው ራስህ ነህ፤ ተንታኙ አላለም። ሐሰን ጆሮው ቀላ። ኳስ የማያውቅ ሰው ቤት ሦስት ቀን ተደብቀሃል አለህ። እኔ ከጓዳ ሰማሁት። የሁሉም መንጋጋ ቆመ። አንተ ሄደህ ጫማውን አነሣህና ከበር ውጪ አስቀመጥክለት።

እሱ በደለህ። ውለታን እንዲህ አውጥቶ ሰው ፊት መዘርገፍ ነውር ነው፤ እሱም ያውቃል። አንተም በደልከው። እንግዳን ጫማውን አውጥቶ ማስወጣት በእነሱም በእኛም ቤት ነውር ነው። እኩል ለእኩል ናችሁ፤ በማግስቱ ይቅር መባባል ነበረባችሁ።

እናንተ ግን ሽማግሌ አስላካችሁ። ሽማግሌዎቹ መጥተው የጠቡ ምክንያት ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁህ ፔናሊቲ አልካቸው። ተደብቀሃል ተባልኩ ማለት አፈርክ። እሱንም ሲጠይቁት ፔናሊቲ አላቸው፤ ያን ቃል እንደተናገረ መናገር አፈረ። ስለዚህ አራት የተከበሩ ሽማግሌዎች፣ አንዱ በከዘራ የሚሄድ፣ ሳሎኔ ተቀምጠው በስልክ ፔናሊቲውን ደጋግመው አዩት። እያሳነሱ እያሳደጉ። ከዚያ ሁለቱ ነክቶታል አሉ፣ አንዱ አልነካውም አለ፣ ባለ ከዘራው ወንድ ልጅ በዚህ አይወድቅም አለ። በድምፅ ብልጫ ፔናሊቲ ነው ተብሎ ተፈረደ። ሐሰን ባልፈጸመው ጥፋት ተፈረደበት፣ በፈጸመው ጥፋት ማንም አልጠየቀው። አንተም ረታህ ተብለህ ከበፊቱ የባሰ ቁስልህን ይዘህ ቀረህ። እኔ ሻይ እያቀረብኩ ሁሉንም አውቃለሁ። ዝም አልኩ፤ ያንተ ምስጢር ነው ብዬ።

ሰባት ወር እንዲህ ከረምን። ነፋሱ ዲሹን ሲያዞረው ሐሰንን አልጠራም ብለህ ከከተማው ጫፍ አንድ ሰው አመጣህ፤ ምስሉ መጣ፣ ድምፁ ጠፋ። አንተም ግግም ብለህ አራቱ ሰዎች አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ ያለ ድምፅ ታይ ነበር። ጠዋት ከግቢ ስትወጣ የሐሰን መኪና በራችን ፊት ቆማ እሱ መስታወቷን ሲጠርግ ታገኘዋለህ፤ ያ ሰላምታ የማያልቅበት ሰው መሬት ታያለህ። እሱም የካራማራን ተራራ እንደ አዲስ ያያል።

አሁን ወደዚያ ቀን እመጣለሁ፤ እስከ ባለፈው ሳምንት ለማንም አልነገርኩትም፣ ግን አንዲቷን አልረሳሁም።

ምሳ በልተን ገና ሳህን አላነሣሁም። ደረቴን አልክ። ፊትህ አመድ መሰለ፣ ላብህ በአንገትህ ወረደ። ወደ በር ሮጥኩ። የሐሰን መኪና በራችን ፊት ነበረች፣ እሱ ራሱ አጠገቧ ነበር፣ ጨርቅ ይዞ። ሐሰንን ልጥራው ብዬ ወደ አንተ ዞርኩ። ነጠላዬን ያዝክ። ያን ያህል ጉልበት ከየት አመጣህ? እሱን እንዳትጠሪው አልከኝ። ሁለተኛ ደገምከው። ከዚያ ወዲህ ከአፍህ ቃል አልወጣም። አስበህ ታውቃለህ? የሃያ ስድስት ዓመት ትዳራችን የመጨረሻ ቃል እሱ ነው። ልጄን አደራ አላልክ፣ ስሜን ጠርተህ ፀሐይ አላልክ።

እኔም ታዘዝኩ። ከሁሉ የሚያበግነኝ ይህ ነው። በሐሰን ፊት ሮጬ አለፍኩ። አባዮ ምን ሆነሽ አለኝ፤ እህቴ ማለቱ ነው። ምንም አልኩት። እስከ አስፋልቱ ሮጥኩ፤ ባጃጅ ሁሉ ሰው ጭኖ ያልፋል። በመጨረሻ አንዱን ልጅ ይዤ ስመለስ ሐሰን ግቢው ገብቶ ነበር፤ ልጁ ደግፎ ጫነህና መንገዱ ጉድጓድ ነው እያለ ቀስ ብሎ ነዳ። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ እጅህ እጄ ውስጥ ከብዶኝ ነበር። ሐኪሙ ቀድማችሁ ብትመጡም እርግጠኛ አይደለሁም አለኝ። እኔም አይደለሁም። በሱ መኪና ብትሄድ ትድን ነበር ብዬ አልምልም። ግን መሞከራችንን አውቄ እተኛ ነበር።

ለቅሶህ ላይ ድንኳኑን ከእድሩ ሰዎች ጋር የተከለው ሐሰን ነው። ሦስት ቀን መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ አጠገቤ አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ሣህራ ጎኔ ቁጭ ብላ ባሌን አይተሽ ለምን አለፍሽው አለችኝ። ደንግጬ ነው አልኳት። ዐይኔን አየች። አላመነችኝም። ቂም የያዝኩት እኔ መሰልኳት፤ የሚሞት ባሌን በባሏ መኪና አላስጭንም ብዬ ነገር ያከረርኩ መሰልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቴ አልረገጠችም። ገበያ ላይ ስንገናኝ ደህና ዋልሽ ትለኛለች፤ እንደ ቢሮ ሰው። አሥራ አንድ ወር ሙሉ። ያንተን ስም ለመጠበቅ ብዬ ጓደኛዬን አጣሁ። ግትር ነበር ከሚሉህ እኔን ቂመኛ ይበሉኝ ብዬ ቻልኩት።

ባለፈው ሳምንት ግን መቻሌ አለቀ። ሜሮን ሰው አምጥታ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አስተካክላለች። የሙሽራ ቀሚስ እየሰፋሁ ያ ወፍራም ድምፅ የቆየ ክርክር ሲያነሣ ሰማሁ። ያን ፔናሊቲ አስታወሰ። ሳቀ። እኔማ ፔናሊቲ እንዳልሆነ ያኔም አውቅ ነበር፣ ፕሮግራሙ እንዲሞቅ ብዬ ነው እንጂ አለ። ሌላው፣ ያኔ ከሱ ጋር የተሟገተው ሰውዬ፣ ትከሻውን መታ አድርጎ ከፕሮግራሙ በኋላ እኮ በአንድ መኪና ነው የሄድነው አለ። አራቱም ሳቁ። እኔ መቀሱን አስቀመጥኩ። ማንን ልስደብ? እነሱ ሥራቸውን ሠርተው ቤታቸው ገቡ። ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ የነበሩት እነሱ፣ የምር ያደረጋችሁት እናንተ። በአንድ መኪና ነው የሄድነው! ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት።

በማግስቱ እሑድ ሐሰን መጣ።

በሩ ላይ ቆሞ ግባ እስክለው ጠበቀ። አርጅቷል፤ ጺሙን በሂና ቀብቶ እንኳ ሽበቱ ያሳጣዋል። ሜሮንም ነበረች። በእኛ ሃይማኖት፣ አለ፣ ሰው አዝኖብህ ከሞተ የቀረው ቤተሰብ ነው አውፍ የሚልህ፤ ዓመቱ ሳይሞላ አውፍ በሉኝ፤ ይቅር በሉኝ ማለቱ ነው። ከዚያ ለሜሮን ያን ቀን የተናገረውን ቃል ነገራት፤ ምንም አልቀነሰም። ልጅህ ጠባችሁ እውነት የፔናሊቲ ይመስላት ነበር። አፏን ይዛ ቀረች። ሐሰን ወደ እኔ ዞረ። ግን አባዮ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ አለኝ፤ ያን ቀን ለምን አለፍሽኝ? ወላሂ ቁልፉ እኮ መኪናዋ ላይ ነበር።

እውነቱን ነገርኩት። እሱን እንዳትጠሪው ያልከውን፣ ሁለት ጊዜ ያልከውን።

ሲያሽከረክረው የነበረው መቁጠሪያ እጁ ላይ ቆመ። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? እኔም ብሆን እሱን አትጥሩብኝ እል ነበር አለኝ።

መኮንን፣ ያኔ ነው የፈነዳሁት። ላንተ ያጠራቀምኩትን ሁሉ በሱ ላይ አወረድኩት። ምን ዓይነት ፍጥረት ናችሁ አልኩት። ነፍሳችሁ ስትወጣ እንኳ ማን ይሸነፋል የምትሉ! ሚስቶቻችሁ እርስ በርስ እንደ ባዕድ ሲተያዩ ዓመት ሞላ፣ እናንተ ግን ክብራችሁ አልተነካም አልኩት። የፈራነው ቀን በራችን ላይ የተቀመጠውን ሰውዬ የት አደረስከው አልኩት። ሜሮን ጎረቤት እንዳይሰማ መስኮት ዘጋች። እሱ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ፤ ግማሹን የምትቀበለው አንተ ስለሌለህ ሁሉንም ብቻውን ተቀበለ። ስጨርስ አለቀሰ። በለቅሶህ ሦስት ቀናት እንኳ ያላለቀሰ ሰው፣ ሳሎኔ ውስጥ ትከሻው እስኪነቀነቅ አለቀሰ።

ከዚያ አውፍ በይኝ አለኝ እንደገና። በራሴና በሜሮን ስም አውፍ ብያለሁ አልኩት። በመኮንን ስም ግን አልችልም፤ አልሰጠኝም አልኩት። ይቅር ብሎህ ነው የሞተው ብዬ ብዋሽለት ቀላል ነበር፤ ቃሉም አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አንተን ለመሸፈን አንድ ጊዜ ዋሽቼ የሆንኩትን አይቻለሁ። ሐሰን ራሱን ነቀነቀ። ገባው። ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ ሣህራን እነግራታለሁ አለኝ።

ነገራት። ሰኞ ጠዋት መጣች።  የሙሽራዋን ቀሚስ ከእጄ ተቀበለችኝ፣ ገለበጠችው፣ እጅጌው ጠቧል አለች። ቁጭ ብላ ትፈታው ጀመር። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

በሙት ዓመትህ ሰው ይሰበሰባል። ደግ ነበር ይላሉ፤ እውነት ነው፣ ደግ ነበርክ። ለስምህ ጸበል ጸዲቅ አዘጋጃለሁ፣ ቄሶቹን እጠራለሁ፣ ሐሰንና ሣህራ ለብቻ የሚበሉትን አሰናዳለሁ። አንተን መርሳት ከየት አመጣዋለሁ? እስካለሁ ድረስ አስታውስሃለሁ። ግን አሳምሬ አላስታውስህም። ሜሮንን ያሳቅክበትን ምሳ ሳስብ ነጠላዬን የያዝክበትንም ምሳ አስባለሁ፤ ለልጅ ልጆችህም ሁለቱንም እነግራቸዋለሁ። ያንተ ሙሉው ይኸው ነው፣ ግማሽህን ይዤ አልኖርም።

አንድ ነገር ግን አደራ እልሃለሁ፤ አንተ ያላልከኝን አደራ። ሐሰን ሸምግሏል። አንድ ቀን እሱም ወደ አንተ ይመጣል። የቀረው ይቅርታ ያንተው ነውና እኔ ጋ አትተወው። ከሩቅ ስታየው መሬት አትይ፣ ቀድሞ እስኪናገርህም አትጠብቀው። ተነሥና ወላል በለው።

ፀሐይ